ምኞት አይሁንብኝና

በየሥራ ቦታው አንድ ሰው አለ፤ የሰው ዕቃ ነክቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ዓይኑ ያላረፈበት የሰው ዕቃ የሌለ። እናንተም ዘንድ አለ። «እኛ ዘንድስ የለም» የሚል ካለ መስተዋት ይመልከት። እኛ ልብስ ስፌት ቤት ያሉት ክቡር አቶ አይሁንብኝ ይባላሉ። ስሙንም አንቱታውንም የሰጠናቸው እኛ ነን። ሌላው ሰው «ሐሜት አይሁንብኝና» ብሎ ሐሜቱን እንደሚጀምር፣ እሳቸው «ምኞት አይሁንብኝና» ብለው ምኞታቸውን ይጀምራሉ።

«ምኞት አይሁንብኝና፣ ይህች ጫማ ለኔ እግር የተሠራች ነው የምትመስለው» አሉኝ አንድ ጠዋት። የኔ እግር ከሳቸው በሁለት ቁጥር ይበልጣል። የኮሌታ ሰፊያችን ልጅ ስታገባ ሙሽራውን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በዓይናቸው ለኩና «ምኞት አይሁንብኝና፣ አማች ማለት እንዲህ ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ክቡርነታቸው ሦስት ወንዶች እንጂ ሴት ልጅ የላቸውም። የድሮው ጨርቅ ቆራጫችን የተቀበረ ቀን ደግሞ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ኋላ ዞር አሉና፣ ሰዉን ቃኝተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ምኞት አይሁንብኝና፣ የቀባሪው ብዛት።» በሞተ ሰው የሚቀና ሰው ያን ቀን አየሁ።

እጃቸው ግን ንጹሕ ነው፤ ይህን እሳቸውም አይደብቁም። ከስድስት ዓመት በፊት ደንበኛ አጥብቡልኝ ብሎ ከሰጠው ሱሪ ኪስ ውስጥ የወርቅ ቀለበት አግኝተው በዚያው ቀን መልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቀለበት በሳምንት ሁለቴ ይመልሷታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሳቸውን ግን ይኸው ስድስት ዓመት አደመቃቸው። ባለቤቱ ሳይረሳት አይቀርም፣ እሳቸው ክብደቷን ሳይቀር ያስታውሳሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ስማ፣ አትመኝ የሚል ትእዛዝ እንዳለ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም? በቃሌ ነው የምወጣው። በሬ ይላል፣ አህያ ይላል። አንተ በሬ አለህ?»

«የለኝም።»

«አህያስ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምንህን ነው የምመኘው?»

«መጨረሻው ላይ ማናቸውንም ይላል እኮ። ደግሞ ነገሩ የልብ ነው።»

ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው፣ አገላብጠው አሳዩኝ። «ልብ የሚያይ ማን አለ? ይኸው እጄ።»

እጃቸው ጾመኛ፣ ዓይናቸው በላተኛ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ክርክር ጊዜ ማጥፋት ነውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት ግን የኔን ቦታ ነው። የስፌት ቤታችን ያላት አንድ መስኮት ብቻ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋው እዚያ ሥር ነው፤ በአምፖል ከሰፉት ይጣመማል። ቀድሞ የተቀጠረ ይቀመጥበታል፣ እሱ ከቀረ ተከታዩ ይወርሰዋል። እኔ ክቡርነታቸውን በሁለት ሳምንት እቀድማቸዋለሁ። ለዚያች ሁለት ሳምንት ሲሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ጀርባዬ ላይ ተክለው ኖሩ። «ምኞት አይሁንብኝና፣ ፀሐይዋ አንተን ትወድሃለች» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት የቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝና አምስት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። አልጋ ላይ ሆኜ የጨነቀኝ ዓይኔ ብቻ አልነበረም። ከእንግዲህ ያለዚያ መስኮት መስፋት አልችልም፤ ከመስፋት በቀር ደግሞ ሙያ የለኝም። እሳቸው አንዴ ከተቀመጡ ክሬን ካልመጣ አይነሡም። እየተንጠራሩ ወንበሬ ላይ ሲደላደሉ፣ በታሸገው ዓይኔ ጭምር ይታየኝ ነበር።

የተመለስኩ ቀን የስፌት መኪናዬ ጨርቅ ለብሳ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ወንበሬ ባዶ ነው። ክቡርነታቸው ጥጋቸው ውስጥ፣ አምፖል ሥር፣ አፍንጫቸው ጥቁር ኮት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ስፌት ይተረትራሉ።

«ይህን ኮት ሲተረትር ሦስተኛ ጊዜው ነው» አለችኝ ኮሌታ ሰፊዋ። «የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ራሳቸው ተቀመጥ ቢሉት ቢሉት እንቢ አለ።»

ሄጄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አንቱታውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ ለፌዝ ነበር፣ ፌዙ አለቀብኝ።

«በየጠዋቱ በሩን እያየሁ፣ ዛሬስ ባይመጣ እል ነበር» አለኝ ቀና ሳይል። «ይታመም አላልኩም፣ ባይመጣ ብቻ። ከዚያ ቀረህ። ዓይኑን ታመመ አሉ። እጄን አየሁት፣ ምንም የለበትም። ልቀመጥ ስል ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ያቺን ቀለበት ኪሴ የከተትኳት መሰለኝ።»

«አንተ አላሳመምከኝም።»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ተመኝቻለሁ።»

እኔም ያልተናዘዝኩት ነበረኝ። ያቺን ጫማ የገዛኋት እሱ እንዲያያት ነው። ወንበሬ ላይ ትራስ ያደረግኩትም ስለቆረቆረኝ አልነበረም። አምስት ሳምንት ስተኛ የኔን ነገር የተመኘ አንድ ሰው አልነበረም፤ እናም ይህ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

አዲሱን መነጽሬን አደረግኩ። አየው፣ ምራቁን ዋጠ፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ አፉን ገጥሞ ኮቱ ላይ አቀረቀረ።

«በል ምኞትህን ጨርሰው» አልኩት።

«ትቼዋለሁ።»

የምሩን ነው። ከንፈሩን ነክሶ ሲተው ማየት ከበደኝ። መኪናዬን አንድ ክንድ ያህል ገፋ አደረግኳትና፣ «ያንተንም አምጣት፣ ለሁለት ይበቃናል» አልኩት። እንቢ ሲል ሲል ቆይቶ አመጣት። ጥቁሩ ኮት ባንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ተሰፋ።

ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ዞረች። በሱ በኩል ጥላ ወረደ፣ በኔ በኩል ቦግ አለ። በጎን ሳየው ከራሱ ጋር እየታገለ ነው። ታገለ፣ ታገለና ተሸነፈ።

«ምኞት አይሁንብኝና» አለ፣ «ያንተ ጎን ይበልጥ ይበራል።»

የመስኮቱ ጥላም ለአዲሱ መነጽሬ ይበቃዋል፤ ሳቄን ውጬ ተነሣሁና ቦታ ተቀያየርን። አሁን እሱ ብርሃኑ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል፣ እኔ ከጥላው አየዋለሁ። ምኞት አይሁንብኝና፣ ቦታው ያምርበታል።