የወይዘሮ ታየች ላም በቀጥታ ስርጭት ልብስ ትልበስ ወይስ አትልበስ

የአምባ ጊዮርጊስ የከብት ሻጮች የቀጥታ ስርጭት ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የወፍጮ ቤቱ ጓሮ
ሰዓት፦ ለሦስት ተጠርቶ አራት ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ አለነ (አያ አለነ)፣ ሊቀመንበር
2. መሪጌታ ልዑልቃል፣ የሥነ ምግባር ተጠሪ
3. ወ/ሮ ታየች፣ የሻጮች ተወካይና የላሟ ባለቤት
4. አቶ ምንይችል፣ ደላላ፣ የገበያ አማካሪ
5. ወ/ሪት ወንጌላዊት፣ በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀች፣ ስርጭቱን የምትቀርፅና ጸሐፊ

በታዛቢነት፦ አቶ ፍቅረ ማርያም፣ ከጎንደር የመጡ ስልክ ጠጋኝ
ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት፣ ቀብር ላይ

ከሰባቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ምንይችል «ላሟስ አትቆጠርም? ጉዳዩ የሷ አይደል?» ብለው የጠየቁ ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ቀልዱ ለሻይ ሰዓት እንዲቆይ አሳስበዋል።

ስብሰባው የተጠራበት ምክንያት። ኮሚቴው ከብት በስልክ እያሳየ የሚሸጥበት ገጽ ባለፈው ሳምንት የወ/ሮ ታየችን ላም ሲያሳይ በድንገት ተቋርጧል። ገጹን ከሚያስተናግደው የውጭ አገር የኢንተርኔት መድረክ የደረሰው መልእክት «እርቃን ገላ ታይቷል» ይላል፤ የማን ገላ እንደሆነ ግን አይልም። ዛሬ እስኪመሽ ይግባኝ ካልተባለ ገጹ ለዘለዓለም ይዘጋል። ይህ ከሆነ ሻጩ ወደ ደላላ፣ ጸሐፊዋም ከተመረቀች ጀምሮ ቆማ ወደከረመችበት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንደሚመለሱ ጸሐፊዋ አስረድታለች። አቶ ምንይችል «ደላላ ምን አደረገሽ?» ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ የሰጠችው መልስ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ሊቀመንበሩ አዘዋል።

አጀንዳ 1፦ የላም ግት እርቃን ነው ወይስ አይደለም

ጸሐፊዋ የመድረኩን ደንብ ተርጉማ አነበበች። ደንቡ የጡት ጫፍና መቀመጫ እንዳይታይ ይከለክላል። ሊቀመንበሩ የሰው ሁለቱ ካስቀጣ አራት ያላት ላም በማስጠንቀቂያ መታለፏ ራሱ ምሕረት መሆኑን ገልጸዋል። አክለውም እሳቸው በዘመናቸው ሁሉ ሥርዓት ያለው አለባበስ ጠባቂ እንደሆኑ፣ ኮሚቴውም ይህንኑ ፈለግ እንዲከተል ጠይቀዋል።

መሪጌታ ልዑልቃል ግን ተቃውመዋል። «አዳምና ሔዋን ከገነት ሲወጡ የለበሱት ቁርበት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ለሰው ልጅ መጀመሪያ ልብስ የሰጠችው እንስሳ ናት። ዛሬ ዞረን ራቁቷን ናት ብለን ስንከሳት አናፍርም?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ «መሪጌታ፣ ስርጭቱን የሚቆጣጠረው ማሽን ኦሪት አልተማረም» ሲሉ መልሰዋል።

ወ/ሮ ታየች ከመቀመጫቸው ተነስተው «ምነው አያ! ግቷ ካልታየ ምኗ ይታይ? ቀንዷ ይታለባል?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ተናጋሪዋ እንዲቀመጡ ጠይቀዋል። ተናጋሪዋ አልተቀመጡም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንኛዋም ላም በስርጭት ላይ ስትቀርብ ግቷ በሽርጥ እንዲሸፈን በሦስት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ተወስኗል።

ውሳኔው ወዲያው በወ/ሮ ታየች ላም ላይ ተሞክሯል። ላሟ ሽርጡን ሲያስሯት አቶ ምንይችልን ረግጣለች። ጥጃዋም የምትጠባው ቢጠፋባት ሽርጡን መጥባት ጀምራለች። ሊቀመንበሩ ሙከራው በመሠረቱ የተሳካ ነው ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ኮርማ

ጸሐፊዋ የኮርማው ነገር ቢሸፈን ገዢ ኮርማውን ከሰንጋ በምን ይለየዋል ስትል ጠየቀች። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ወፍጮው አዙረዋል። አቶ ምንይችል ኮርማው ይሸፈን፣ ሙሉ መሆኑንም ልምድ ያለው ደላላ በቃሉ ይመስክር የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ታየች «አንተ ምስክር ከሆንክማ ጊደሯም ኮርማ ናት» ብለዋል። በዚህ ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ወፍጮው ስለሚጮህ በሙሉ አልተመዘገበም። በመጨረሻ ሐሳቡ ጸድቋል።

በዚህ መሃል አቶ ፍቅረ ማርያም ለመናገር እጃቸውን አውጥተው ነበር። ታዛቢ እንደሚያይ እንጂ እንደማይናገር ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ይግባኝ ስለመጻፍ

በይግባኙ ላይ ስለታየው ገላ ማብራሪያ መስጠት ግዴታ ስለሆነ፣ በጸሐፊዋ ስልክ ላይ የቀረው ቅጂ እንዲታይ ተደረገ። አባላቱ ደጋግመው ካዩት በኋላ አስተያየት ሰጥተዋል። መሪጌታ ላሟ ከጎኗ ሰፊ መሆኗን፣ አቶ ምንይችል ሦስት ጊዜ የወለደች ሳትሆን እንደማትቀር፣ ሊቀመንበሩ አራቱም የግቷ ጫፎች እኩል መሆናቸውን ተናግረዋል። ጸሐፊዋም የላሟን አቋም በሙያዋ መሠረት አብራርታለች። ወ/ሮ ታየች «ሸጋ ላም! ለሰው የምትሰጥ አልነበረችም» ብለው ዓይናቸውን ጠርገዋል።

አቶ ፍቅረ ማርያም እንደገና እጃቸውን አወጡ። መሪጌታ «ይናገር እንጂ፣ ክንዱ ዛለ» ስላሉ ተፈቀደላቸው።

«እኔ ከብት አላውቅም» አሉ። «ግን ከላሟ ጀርባ ያሉት ሰውዬ ምነው ሱሪ የላቸውም?»

ቅጂው እንደገና ታየ። ከላሟ ሌላ ነገር ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ላሟ ሁለት እርምጃ ወደፊት ስትራመድ፣ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሱሪ ሲያወልቁ በግልጽ ይታያል። ፊታቸው አይታይም። ፊታቸው ብቻ ነው የማይታየው።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ነኝ» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ በሰጡት ማብራሪያ፣ ከማሳ ጭቃ በጭቃ ሆነው እንደመጡ፣ በስርጭቱ መጨረሻ ንግግር ስለነበራቸው የክት ሱፋቸውን ለመልበስ እንዳሰቡ፣ ላሟም ከለላ ትሆነኛለች ብለው እንደነበር ገልጸዋል። «ተራመደች» ሲሉ ንግግራቸውን ደምድመዋል።

አቶ ምንይችል ነገሩ በጽሑፍ ሰፍሮ ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ፣ ለአያ አለነ ክብር ሲባል ገጹ ቢዘጋ እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ሲያቀርቡ ፈገግ ማለታቸው ተመዝግቧል። መሪጌታ «የሽማግሌ ገመና አይገለጥም» በማለት ደግፈዋል። ወ/ሮ ታየች መሬት መሬት አይተዋል። ጸሐፊዋ፣ አያ አለነ ካልፈቀዱ እንደማትጽፍ፣ ገጹ ከተዘጋም ነገ ጠዋት ማኪና ተሳፍራ ወደ ጎንደር እንደምትወርድና ሰሌዳው የት እንደሆነ እንደምታውቀው ተናግራለች። ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ጸሐፊዋ ራሷ ስለሆነች ሳትመዘግበው ማለፍ ትችል ነበር።

ሊቀመንበሩ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ቀጥለውም «ጻፊ፣ ልጄ። አለነ የሚባል ሽማግሌ እናንተ ፊት አምሮ ለመቅረብ ሱሪ ሲቀይር ነው በዪ። ላሟ ንጹሕ ናት በዪ» ብለዋል።

ይግባኙ እንደተነገረው ተጽፎ ተላከ። ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ መልስ መጣ፦ የስርጭቱ ቅጂ ከገጹ ይጥፋ፣ ገጹ ይቀጥላል። ወ/ሮ ታየች እልል ብለዋል። ላሟ ደንግጣ አቶ ምንይችልን በድጋሚ ረግጣለች።

ሊቀመንበሩ ስርጭቱን ከመቋረጡ በፊት ስንት ሰው እንዳየው ጠይቀው፣ ስድስት ሺህ ገደማ መሆኑ ተነገራቸው። ከነዚህ ስለ እሳቸው ያነሳ ሰው እንዳለም ጠየቁ። ጸሐፊዋ አስተያየቶቹን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ሁሉም ስለ ላሟ ነው። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡና «ከዚያ በኋላ፣ ስርጭቱ ሳይቋረጥ የለበስኩትን ሱፍስ?» አሉ። እሱንም ያነሳ እንደሌለ ተነገራቸው። ሊቀመንበሩ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አልፈለጉም፤ ጉባኤው ግን በአራት ድምፅ እንዲሰፍር ወስኗል።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሽርጡ ለባለቤቱ ይመለስ። ላምም ኮርማም እንደተፈጠሩ ይቅረቡ። ልብስ የመልበስ ግዴታ ከዛሬ ጀምሮ በኮሚቴው አባላት ላይ ብቻ ይጸናል።

ወፍጮው እህል ስለጨረሰ ስብሰባው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።

ወንጌላዊት፣ ጸሐፊ