የዳማው ጭራ

[ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሜዳ። ሽመክት አዲስ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከካሜራው ማንገቻ ላይ ያረጀ ሲባጎ ታስሯል። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ረዳቱ ይሄነው ይዞ፣ ለልምምድ ባቆመው በራሱ ፈረስ አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል።]

ሽመክት፦ ኮርቻው ላይ ነው የሚያዘው አልኩህ።

ይሄነው፦ አምና አፍንጫው ላይ ብለኸኝ ነበር።

ሽመክት፦ አምና የያዝከው ጆሮው ላይ ነው።

ይሄነው፦ አፍንጫው ላይ ስይዝ ሊነክሰኝ ሲል ነዋ። ጆሮ አይነክስም።

ሽመክት፦ ኮርቻው ላይ። አንተ ሲባጎውን ያዝ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።

[ሽመክት በእንጅባራዋ ቆሰበር የታወቀ ፎቶ አንሺ ነው። የታወቀውም በሁለት ነገር ነው፤ ስለ ካሜራ ብዙ በማወቁና ያወቀውን ሳይናገር ማደር ባለመቻሉ። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ነጋ በፊልሙ ዘመን ርቀት የሚለኩት በዚህ ሲባጎ ነበር። ሰውም ሆነ ፈረስ በሲባጎው ልክ ቆሞ ሲነሳ ከራስ እስከ እግሩ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሲያልፉ ሲባጎውን ለሽመክት አወረሱት። ዘመኑ ዲጂታል ሆኖ ሽመክት አነስተኛ ካሜራ ሲገዛ ሲባጎው ያው ሲባጎ ነበር፤ የቆሰበር ፈረሶች ግን ፎቶ ላይ ጭራ ማጣት ጀመሩ።

አምና የባሰው መጣ። የፈረሰኞቹ አለቃ የአቶ አዝመራው ዳማ፣ ያ የተከበረ ፈረስ፣ ያለ ጭራ ወጣ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ጅብ ነው የቀነጠሰው?» እያለ ይጠይቃቸዋል። ዛሬ እንደገና ሊነሱ ይመጣሉ። ጭራው ከገባ የነገው የፈረሰኞች በዓል ፎቶ በሙሉ የሽመክት ነው። ካልገባ ከዳንግላ ሌላ ሰው ይጠራል። ለዚህ ሲል ነው ሽመክት አሮጌውን ካሜራ ሸጦ ይህን ከባሕር ዳር ያመጣው። ሌላም የሸጠው ነገር ነበር። እሱን ለማንም አልተናገረም፤ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ወስዶ የሸጠው የገዛ ፈረሱን ቦራን ነው።]

ይሄነው፦ ለመሆኑ ይሄኛው ከአሮጌው በምን ይበልጣል?

ሽመክት፦ ፉል ፍሬም ነው።

ይሄነው፦ እሱንማ ጠዋትም ነግረኸኛል።

ሽመክት፦ ውስጡ ምስሉን የሚቀበል ነገር አለ፤ ሴንሰር ይሉታል። የአሮጌው ትንሽ ነበር። የዚህ ልክ እንደ ጥንቱ ፊልም ሙሉ ነው። በአሮጌው ማንሳት በመስኮት እንደማየት ነው፤ በዚህ ግን በበር።

ይሄነው፦ እኛ ቤት መስኮት የለም።

ሽመክት፦ በር ግን አለ።

ይሄነው፦ በርማ አለ። ግን በሩ ላይ ቆሜም ጓሮ ያለው ፈረስ አይታየኝም።

ሽመክት፦ የጓሮውን ማን እይ አለህ?

ይሄነው፦ ጭራው ከጓሮ በኩል ነው ብዬ ነው።

[ሽመክት በረጅሙ ይተነፍሳል። ጋሽ ነጋ ከማያስተውል ረዳት ጋር መሥራት ትዕግሥት ያስተምራል ይሉ የነበረው ስለ እሱ ስለራሱ እንደሆነ እስከዛሬ አልገባውም።]

ይሄነው፦ እሺ፣ አምና በካሜራው ስታይ ጭራው አይታይህም ነበር?

ሽመክት፦ እንደማይታይ አይቻለሁ።

ይሄነው፦ ታዲያ?

ሽመክት፦ ታዲያማ ሲባጎው ተወጥሯል። ልኩን አልፎ የቆመ ባለሙያ አይባልም።

ይሄነው፦ ሲባጎው ግን...

ሽመክት፦ አንተ ሲባጎውን ያዝ።

ይሄነው፦ ይዣለሁ። ያ የተቆረጠው ጭራ ግን አሮጌው ካሜራ ውስጥ ቀርቶ አብሮ ተሸጠ ማለት ነው?

ሽመክት፦ ጭራ ካሜራ ውስጥ አይቀርም፣ ይሄነው።

ይሄነው፦ ፎቶው ላይም የለም። እኔ እንግዲህ ለጋሽ አዝመራው ባሕር ዳር ተሽጧል ብያቸዋለሁ።

ሽመክት፦ ምን አሉ?

ይሄነው፦ ማን ፈቅዶለት አሉ።

[ይሄነው ፈረሱን እያሻሸ ዙሪያውን ያያል።]

ይሄነው፦ ቦራስ? ሰሞኑን አላየሁትም።

ሽመክት፦ ግጦሽ ሄዷል።

ይሄነው፦ የት?

ሽመክት፦ ሣር ያለበት።

ይሄነው፦ እዚህ ከቆምንበት የበለጠ ሣር የት አለ?

[መልስ ከመምጣቱ በፊት አቶ አዝመራው ይመጣሉ። ዳማው ግላሱን ለብሶ፣ ጭራው ተበጥሮ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰውየው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ያ የተሸጠ ጭራ ጉዳይ ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሽመክት ስለ ሴንሰር፣ ስለ መስኮትና ስለ በር ያስረዳል። አቶ አዝመራው ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ አንሳና እንየው ይላሉ።

ይሄነው ሲባጎውን ኮርቻው ላይ ይዞ ይወጥራል፤ ይለቅና ገለል ይላል። ሽመክት ያነሳል። ከካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ ዳማው ከጆሮው ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ ሙሉ ሆኖ ይታያል። አቶ አዝመራው ፎቶውን ያያሉ፤ ዞረው እውነተኛውን ጭራ ያያሉ፤ እንደገና ፎቶውን ያያሉ። ከዚያ የሽመክትን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ ሥራው ያንተ ነው ይሉታል።

አንድ ነገር ብቻ ይጨምራሉ። አምና ፎቶ አንሺው አንድ ቦታ ተተክሎ ከአቧራ በቀር የያዘው ስላልነበረ፣ ዘንድሮ ከፈረሰኞቹ እኩል እየጋለበ እንዲያነሳ ተወስኗል። የዳንግላው ሰው ፈረስ የለውም፤ ሽመክትን የመረጡትም ለዚሁ ነው። ነገ ቦራን አሳምረህ ና ይሉታል።]

ሽመክት፦ ቦራ... አይመጣም።

ይሄነው፦ ሣሩ ይህን ያህል ይጣፍጣል?

ሽመክት፦ ሸጬዋለሁ። ግምጃ ቤት።

ይሄነው፦ ምን ልትገዛበት?

[ሽመክት አንገቱ ላይ ወዳለው ነገር ያቀረቅራል። አቶ አዝመራውም ወደዚያው ያያሉ። ይሄነው ከሁሉም በኋላ ያያል።]

ይሄነው፦ ለጭራ ብለህ ፈረሱን?

ሽመክት፦ ምን ምርጫ ነበረኝ? ካሜራው ጠባብ፣ ጭራው ረጅም፣ ሲባጎው ደግሞ ያው።

ይሄነው፦ ከአምና ጀምሮ አንድ ነገር ልጠይቅህ እፈልግ ነበር።

ሽመክት፦ ጠይቅ።

ይሄነው፦ ሲባጎውን ብንቀጥለውስ?

[ዳማው ጭራውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል። ሽመክት በልቡ ሲባጎውን ይቀጥላል፤ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በአሮጌው ካሜራ ያያል። ጭራው ይገባል። ቦራም በረቱ ውስጥ ቆሟል።]

ሽመክት፦ ለምን አልነገርከኝም?

ይሄነው፦ ሲባጎውን ያዝ አልከኝ። ያዝኩ።

[አቶ አዝመራው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው ፍርድ ይሰጣሉ። ፈረስ ያለው ይሄነው ነው፤ ነገ ካሜራውን ይዞ የሚጋልበው እሱ ይሆናል። የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ሽመክት እስከ ማታ ያሳየው። ፈረሰኞቹ ቆመው ሲነሱም ሽመክት በእግሩ መጥቶ ይርዳው። ይህን ብለው ዳማውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሽመክት ካሜራውን ከአንገቱ ያወልቃል፤ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ይዞ ያቀብላል። ይሄነው ያጠልቀዋል። ከዚያ ከኪሱ ሌላ ሲባጎ ያወጣና ከአሮጌው ጫፍ ጋር ይቋጥረዋል። አቋጣጠሩን ላየው ለዓመት ያህል ተዘጋጅቶበት የኖረ ይመስላል። የሲባጎውን ጫፍ ለሽመክት ይሰጠዋል።]

ሽመክት፦ ቆይ እንጂ፣ አሁንማ መቀጠል አያስፈልግም። ፉል ፍሬም ነው እኮ፤ ሴንሰሩ...

ይሄነው፦ አንተ ሲባጎውን ያዝ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።