ኦቦ መገርሳና ዝም ያሉት ድንቢጦች

በየሰፈሩ ጎረቤቱን ሁሉ ለቤት እንስሳው አሽከር የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሻው ሲያስነጥስ መጥቶ ያልጠየቀውን ይቀየማል። ለፋሲካ በግ ገዝቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ማረድ አቅቶት ከሰው ቤት ሥጋ የሚበላም እሱ ነው። በነቀምት፣ በቡርቃ ጃቶ፣ የዚህ ወገን አለቃ አናጺው ኦቦ መገርሳ ነበሩ።

ክቡርነታቸው ዐሥራ ስምንት ድንቢጦች ያረቡ ነበር። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ፣ ወንዶቹ ደረታቸው እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሴቶቹ አፈር የመሰሉ። የወፎቹ ቤት ከሬሳ ሣጥን በተረፈ ጣውላና በሸምበቆ የተሠራ ነው፤ ኦቦ መገርሳ በዋናነት የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበሩና። ትልቁን ወንድ ድሮ «ደጃዝማች» ይሉት ነበር። አብዮቱ መጥቶ ማዕረግ ሲቀር «ጓድ» አሉት። ሆኖም ጥሬ ሲሰጡት ጠጋ ብለው «ደጃዝማች፣ ይቅርታዎን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዳጉሳ ዘፍዝፈው እስኪያጎነቁል ይጠብቃሉ። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠው ያቀርባሉ። ጫጩት ሲፈለፈል ከኩይሳ ምስጥ ለቅመው ይመጣሉ፤ የገላ መታጠቢያውን ውሃ በሰርዲን ቆርቆሮ ያቀርባሉ። እንቁላል የታቀፈች ካለች ደግሞ በዚያ ግቢ መዶሻ አይነሣም። ጎጆውን መንካት ይቅርና አተኩሮ ማየት ክልክል ነው። ገና በሩን ሳያልፉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ጨል ጄዲ!» ይላሉ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። «ታቅፋለች!»

የእትዬ ሸዋጌጥ አማት ያረፉ ዕለት እዚያው ነበርኩ። እትዬ ሸዋጌጥ ጎረቤታችን ናት፤ ወላጆቿ ከመንዝ የመጡ፣ ምላሷ የማይቻል።

«ኦቦ መገርሳ፣ ሣጥኑ ለስድስት ሰዓት ይድረስልን።»

«ጨል ጄዲ! ታቅፋለች።»

«ማን ናት የምታቅፈው? እኔ አማቴ ሞተውብኛል!»

«ነፍስ ይማር። እሳቸው ከእንግዲህ አይቸኩሉም። እነዚህ ግን ሐሙስ ይፈለፈላሉ።»

«እና እስከ ሐሙስ ከእኔ ጋር ይቀመጡ ነው የሚሉኝ? በሕይወት ሳሉ መች ቻልኳቸው!»

ኦቦ መገርሳ ሣጥኑን ያለ አንድ ምስማር፣ በኮላና በእንጨት ሽብልቅ ገጣጥመው በሰዓቱ አደረሱ። ሣጥኑን ሊወስድ የመጣው ለቀስተኛም ግቢው ውስጥ በሹክሹክታ አለቀሰ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ዝምታው ነው።

ድንቢጦቹ ቀኑን ሙሉ፣ ጥሬ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አያቋርጡም። በ1971 ዓ.ም. አንድ የሒሳብ አስተማሪ የተሰበረ ወንበር ይዞ ገብቶ እየሳቀ ሳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው ከቤቱ ተወሰደ፤ ወንበሩን የሚወስድ ሰው አልመጣም። ቀጥሎ አንዲት ጤነኛ ሴት ስትገባ ዝም አሉ፤ በሳምንቱ ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ኦቦ መገርሳ በር ሲደርስ ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ። የታመመ ዘመዱን ደግፎ አምጥቶ፣ ወፎቹ ሲንጫጩ ሰምቶ፣ ደስ ብሎት የሚመለስም ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መደርደሪያ ሲያዝ ልኩን የጮኸው ከመንገድ ማዶ ቆሞ ነው።

እኔ ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ተነሥቼ መጽሐፍ ቅዱስን በሁለት ቋንቋ ለማንበብ በቃሁ። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ አምስት ሆነን ማክሰኞ ማክሰኞ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአምስታችን አንዱ በሆነው በደረሳ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አንባቢው እኔ ነኝ። መጻሕፍቱ ከተገኙብን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ኦቦ መገርሳ ዘንድ ሄድኩ። መደበቂያ እንዲሆነኝ ድርብ ወለል ያለው ሣጥን ላሠራ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ይንጫጫሉ። ገባሁ።

ዝም አሉ።

ዐሥራ ስምንቱም። አንዷ ውሃ እየጠጣች ነበር፤ አንገቷን እንዳቀናች ቀረች። ጠብታው ምንቃሯ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ውጭ ያለው የዛፍ ቅጠል እንኳ የቆመ መሰለኝ። ኦቦ መገርሳ መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«ዘነበ» አሉኝ፣ «ዳጉሳ አልቆብኛል። አርጆ ሂድልኝ።»

«አርጆ? ዳጉሳ እዚህ ገበያ ሞልቶ?»

«የአርጆው ነው የሚስማማቸው። እህቴ ዘርፈሽ ጋ ሂድ። ጠጠሩን ለቅማ እስክትጨርስ እንዳትመለስ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ። ለሰዎቹ ልንገር...»

«አሁን! ከረጢቱን እዚህ ተው። የአርጆ ገበያተኞች ድልድዩን ሳያልፉ ድረስባቸው። በጓሮ ውጣ።»

ከረጢቱን ትቼ በጓሮ ወጣሁ። ለባልደረቦቼ ሳልነግር መሄዴ ዛሬም ያመኛል። መንገድ ላይ አድሬ በማግስቱ ማታ አርጆ ገባሁ። አዴ ዘርፈሽ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም።

«ጨል ጄዳኒ?» አሉኝ፤ «ዝም አሉ?»

ማንም መልእክት አልላከላቸውም። ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሳቸውም ሰፌድ አውርደው ዳጉሳውን መልቀም ጀመሩ። በየቀኑ ጠዋት «አልቋል ወይ?» እላቸዋለሁ። «አንድ ጠጠር አለች» ይሉኛል። ያቺ አንድ ጠጠር ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀች።

በዚያው ማክሰኞ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የደረሳ ቤት ተከበበ። አራቱም ተያዙ። በማግስቱ እኔን ፍለጋ ሦስት ታጣቂዎች ኦቦ መገርሳ ዘንድ መጡ። ይህን እትዬ ሸዋጌጥ በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች።

«ዘነበ የት አለ?»

«ለወፎቼ ዳጉሳ ሊያመጣ ሄዷል።»

«ለወፍ ዳጉሳ? የት?»

«ሩቅ ነው። የነቀምቱ ሆዳቸውን ይነፋዋል።»

ሳቁ። የሰውዬውን ነገር የማያውቅ የለማ። ሆኖም ጣውላውን ሁሉ እየገለበጡ ፈተሹ። ጥግ ላይ አንድ አዲስ የሬሳ ሣጥን ነበር። አንደኛው ክዳኑን ሲይዝ ኦቦ መገርሳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ጨል ጄዲ! ታቅፋለች።»

ሰውዬው ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ከእንጨት ፍቅፋቂው ላይ አንዲት ድንቢጥ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። እትዬ ሸዋጌጥ እንደምትምለው፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ክዳኑን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ መለሰው። ሦስቱም በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ። «ይቅርታ ብሏታል» የምትለውን ግን አላምናትም።

ስመለስ ቀበሌው ጠርቶ ሦስት ቀን መረመረኝ። ምንም ስላልተገኘብኝ ለቀቀኝ። ከአራቱ ሦስቱ ከዘጠኝ ወር በኋላ ተፈቱ። ደረሳ አልተመለሰም።

ከቀበሌው እንደተለቀቅሁ ኦቦ መገርሳ ዘንድ ሄድኩ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እነሱ ዝም አሉ» አሉና ሣጥኑን ከፈቱልኝ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል። «መጻሕፍትህ ከሥራቸው ናቸው። እስኪበሩ አይነኩም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እንቁላል ያለበት ጎጆ በዓይን እንዳይነካ የሚሳሱ ሰው፣ እኔ በጓሮ እንደወጣሁ ጎጆውን ከነእንቁላሉ በእጃቸው አንሥተው ከመጻሕፍቴ ላይ አስቀምጠውታል። እናቲቱ ትመለስ፣ አትመለስ አያውቁም ነበር። አራት ከነበሩት ሦስቱ ብቻ ተፈለፈሉ። አራተኛዋን እንቁላል ጓሮ ቀበሯት። በሞቱበት ዓመት ልጠይቃቸው ስገባ እንኳ ከአልጋቸው ቀና ብለው «አንዷን የጨረስክብኝ አንተ ነህ» አሉኝ።

ማታ ስጸልይ እኔ ስተርፍ የተጎዱትን በስም እጠራለሁ፤ ደረሳን አስቀድሜ። ያቺንም እንቁላል አልዘላትም።