ፋይሉን ያሰረው ወጌሻ

ትናንት ከዙሁር ሰላት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ሕልሜ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት በኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል በሰማሁት ወሬ ነው። ደሴ ውስጥ ካለችው የፎቶኮፒ ሱቄ ጓዳ ሆኜ ማሽኑን ቀለም እየሞላሁ ነበር። ውጭ ሁለት ወንዶች ያወራሉ። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ይማም ነው፤ ሌላው የስካውት መሪው መምህር ደርበው።

«ግራህን ነው የምትዘረጋልኝ?» አለ ይማም።

«ስካውት የሚጨባበጠው በግራ ነው፣ አቶ ይማም። ግራ ለልብ ይቀርባል።»

«እኛ ቤት ግራ እጅ ሌላ ሥራ አለው።»

ከዚያ የሳቁ መሰለኝ። ወይም አልሳቁም። መምህሩ ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ አንዋር አንድ ነገር ቃል ገቡ፤ ምን እንደነበር ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

ያሸለብኩት የት እንደሆነ ልናገር። ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ነው። አንዋር ውስጥ ተኝቷል። በስካውት ከሁሉ የላይኛውን ማዕረግ የሚያገኝ ልጅ ለሰፈሩ አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየት አለበትና፣ ሕፃናት በክረምት የሚሻገሩበትን ትንሽ ድልድይ ከጓደኞቹ ጋር ሲሠራ ድንጋይ ተንከባሎ የቀኝ እግሩን ቁርጭምጭሚት ሰበረው። አባቱ ወጌሻ ዘንድ ወሰደው። ወጌሻው ቀርከሃ አድርጎ ጠፍሮ አሰረው። ልጁ «አባዬ፣ ጠብቋል፤ ጣቶቼ ደነዘዙ» ሲል አባቱ «ወንድ አይደለህ? ቻለው» አለው። ቻለው። እግሩ ጠቆረ። አሁን ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ ልጁ አይተርፍም ብለዋል። ዐሥራ ስምንት ስላልሞላው አባቱ መፈረም አለበት። አባቱ ደግሞ አልፈርምም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እኔ ሰግጄ፣ ዱዓዬን አድርጌ፣ ልጁ አደራ ያለኝን የማዕረግ ፋይል ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ጣለኝ።

ወሬው ሲያልቅ ራሴን ሱቄ ውስጥ አገኘሁት። የፎቶኮፒው ማሽን እኔን መስታወቱ ላይ አስተኝቶ ክዳኑን ሊያወርድብኝ ነው።

«ዘምዘም፣ አትንቀሳቀሺ፤ ትደበዝዣለሽ» አለኝ።

መብራቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ሄደ። በጎኑ በኩል እኔን የሚመስሉ ሴቶች እየሞቁ ወጡ። የመጨረሻዋ ላይ ቀለም አልቆ ኖሮ ፊት አልነበራትም።

«ይቺ ትሂድ» አለ ማሽኑ። «ፊት የሌለው ሰው ቢሮ ውስጥ ቶሎ ይስተናገዳል።»

ፊት የሌላት እኔ ፋይሉን ይዛ ወጣች፤ እኔም እሷው ሆኜ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ወረቀቶች ተሰልፈዋል። ማመልከቻው፣ የልደት ካርዱ፣ የድጋፍ ደብዳቤው፤ ሁሉም አንዳንድ ሰው በስቴፕለር ጥጋቸው ላይ አያይዘዋል። መምህር ደርበው ጆሯቸው ላይ በስቴፕለር ተመትተው ራሳቸው ከጻፉት ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ያምዎታል፣ መምህር?»

«እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ሲራመድ ነው። ሁለት ገጽ ስለሆነ እርምጃው ሰፊ ነው፣ እየጎተተ ጨረሰኝ።»

ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ያረጀ ደብዳቤ «እናንተስ ታድላችሁ» አለ። «የኔ ሰው ሞቶብኝ ሌላ አያይዘህ ና ተብዬ ስመላለስ ይኸው ቢጫ ሆንኩ።»

ቢሮው በር ላይ ጸሐፊዋ እጅጌያችንን ይዛ ለመነችን። «በእናታችሁ፣ ዛሬውኑ ላስተናግዳችሁ! ኃላፊው አሉ። የትም አልወጡም።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው አይባልም እንዴ?» አልኳት።

«ስብሰባው ነው እሳቸው ላይ ያለው።»

እውነቷን ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ወንበሩ፣ የውሃው ፕላስቲክ ሁሉ ኃላፊው ጀርባ ላይ ተደርድሯል። እሳቸው ከሥር አንድ እጃቸውን አውጥተው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ከጠረጴዛው ኋላ ፈታኞቹ ተቀምጠዋል፤ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ፣ አንገታቸው ላይ ስካርፍ ያሰሩ ሕፃናት ናቸው። ፊት ለፊታቸው ሽማግሌዎች በቁምጣ ቆመው የጫማ ክር ማሰር ይፈተናሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አቅቷቸው ያለቅሳሉ።

«አይዞህ» አለቻቸው ሰብሳቢዋ። እግሯ መሬት አይነካም። «ለከርሞ ትንሽ ስታንስ ትመጣለህ።» ከዚያ ወደ በሩ ጮኸች። «የአንዋር ይማም ምስክሮች!»

መጀመሪያ የገባው የአንዋር ጉርድ ፎቶ ነው። ወለሉን ሳይረግጥ በአየር እየተንሳፈፈ መጣና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

«እግር አለህ?» አለችው።

«እኔ ጉርድ ፎቶ ነኝ። ከደረቴ በታች ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

«ቅር ይልሃል?»

«እሱን አባቴን ጠይቁት።»

ቀጥሎ ጦሳ ገባ። ተራራው ራሱ፤ በሩ ጠቦት ጎንበስ ብሎ፣ ጉም እየተነፈሰ። «ይህን ልጅ ወጥቼዋለሁ» አለ። «ትከሻው ላይ ይበርዳል። አናቱ ላይ ስደርስ ከተማው ሁሉ ታየኝ። የወጣሁት ግን በቀኝ እግሩ በኩል ነው፤ በሌላ መንገድ የለውም።»

ሕፃናቱ ተያዩ። ድልድዩም በሰዎች ትከሻ ተጭኖ ገባና «ጎርፉ በላዬ ያልፋል፣ ልጆቹ በሥሬ ይዋኛሉ፤ ቅሬታ የለኝም» ብሎ ወጣ። ሁሉም በግራ እጃቸው እየተጨባበጡ ተሰነባበቱ። ጦሳ ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሰውም ግራውን ዘረጋለት። ሰውየው ወንድሜ ይማም ነው። የልጁን ቁምጣ ለብሶ፣ ስካርፉን አስሮ፣ የሕፃን ወንበር ላይ ተጣብቆ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ደብቋል።

«ፈርም» አለችው ሰብሳቢዋ። «የቀረው የወላጅ ፊርማ ነው። ጊዜው ካለፈ ፋይሉ ይሞታል።»

«ፋይሉን ልየው።»

እጄ ላይ ያለ መስሎኝ ስፈልግ የለም። ወጌሻው ታቅፎት ገባ። «ውልቃት ነው፣ ምንም አይደል» እያለ ወለሉ ላይ አስተኛው፤ ግራና ቀኝ ቀርከሃ አድርጎ በገመድ ጠፈረው። በጠፈረው ቁጥር የወረቀቶቹ ጠርዝ ሰማያዊ ሆነ።

«አባዬ፣ ጠብቋል» አለ ፋይሉ። ድምፁ የአንዋር ነው።

«ቻለው» አለ ወንድሜ።

«ጣቶቼ አይሰሙኝም።»

«ወንድ አይደለህ?»

እኔ ልፈታው ጎንበስ ስል የገመዱ ጫፍ እጄን ለቀም አድርጎ ጨበጠኝ። «እንዴት ዋልሽ፣ ዘምዘም? ደህና ነሽ? ቤቱ ደህና ነው? ሱቁስ? ከብቱ?»

«ከብት የለኝም፣ ልቀቀኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ጎረቤትስ? የጎረቤት ከብት?»

ሰላምታው አላልቅ አለኝ። እጄን መንጠቅ ደግሞ ነውር መስሎኝ ቆምኩ፤ በሕልም እንኳ ሰው ሰላም ሲል አቋርጦ መሄድ አይሆንልኝም። እኔ ስመልስ ሰማያዊው ጥቁር ሆነ። ሽታ መጣ። ሕፃናቱ ስካርፋቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳቡ። ሰብሳቢዋ መቀስ አነሳች።

«የታችኞቹ ገጾች አልቀዋል» አለች። «እነሱ ካልወጡ የላይኞቹም ይከተላሉ። ቁረጡ በል።»

«ሙሉ ነበር ያመጣሁት» አለ ወንድሜ። «ሙሉ አድርጋችሁ መልሱልኝ።»

«የምንመልሰው ያለውን ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል? አባቱ አስቆረጠው አይለኝም?»

«የምን ሰው? ሰዎቹ ሁሉ ውጭ ወረቀት ላይ ተያይዘው የለም እንዴ?»

ጦሳ በሩ ጋ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ጀመር። እንባው ድንጋይ ነው፤ ደረጃውን እየደለቀ ይወርዳል። ወንድሜ ቀስ ብሎ እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ጣቶቹ ገመድ ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተቋጥሯል። ወደ እኔ ዘረጋቸው።

«ዘምዘም፣ በዚህ እንዴት አድርጌ ልፈርም? ፍቺኝ።»

«ያ ረቢ» ብዬ ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት። ሳብኩት። ጨው ጨው ይላል። ላላ ሲል ተሰማኝ። ፋይሉ «አባዬ» አለ። ደግሜ ነክሼ ልስብ ስል፣

«እትዬ! እትዬ፣ ይነሱ!»

ነቃሁ። የሻሼን ጫፍ ነክሼ ይዣለሁ። ነርሷ ትከሻዬን እየነቀነቀች ነው። ፋይሉ ከጭኔ ወድቆ ወረቀቶቹ ኮሪደሩ ላይ ተበታትነዋል፤ አንዱን ሰው ረግጦታል።

«ልጁ ገብቷል» አለችኝ። «ኦፕራሲዮን ክፍል። አባትየው ፈረሙ።»

ወንድሜ በሩ ፊት ቆሟል። አውራ ጣቱ ላይ ቀለም አለ።

«ምን ብለው አግባቡህ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ሐኪሞቹ አይደሉም። አንዋር ጠራኝ። ‹አባዬ፣ አሁንም ልቻለው?› አለኝ።»

እኔ ጎንበስ ብዬ የተረገጠውን ወረቀት አነሳሁ።

ነርሷ አልሄደችም። ወረቀቶቹን ስትለቅምልኝ ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። «ሲጨርሱ... እግሩን ቤተሰብ ይረከባል ወይስ እኛው እናስወግደው? ብዙ ሰው አይቀበልም። የሚቀበል ካለ ስሙን ልያዝ።»

«እኔ እቀበላለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ወንድሜ እጁን በአየር ላይ አድርጎ አስቆመኝ።

«ይማም አሊ ብለሽ ያዢ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ልጁ ሲነቃ አጠገቡ ሁኚ። ነጭ ጨርቅ ብቻ ፈልጊልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እኔው ቆፍሬ እቀብረዋለሁ።»