ዝናብ የማይነካው የእድሩ ንብረት

ሥልጣኔ ወደ ካዛንቺስ ብዙ ጊዜ መጥቷል። አንድ ጊዜ በጣልያን ቤት መጣ፣ አንድ ጊዜ በሆቴል ፎቅ መጣ፤ መስቀል አደባባይ ለባቡር ተብሎ ተቆፍሮ ሰው ሁሉ በእግሩ ዞሮ ቤቱ በሚገባበት ዓመት ደግሞ በእድር በኩል መጣ። የመጣበትን ቀን የሰፈሩ ሰው አይረሳውም። እሁድ ነው፤ የሰኔ ደመና አናት ላይ ተንጠልጥሏል፤ የ«ጥላ ለወገን መረዳጃ እድር» አባላት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ስለ ድንኳናቸው ሊነጋገሩ ተቀምጠዋል።

ድንኳኑ የተከበረ ድንኳን ነው፤ ስንቱን ሸኝቷል። ዕድሜው ከብዙዎቹ አባላት ልጆች ይበልጣል፣ ስለዚህም እንደ ማንኛውም ሽማግሌ አልፎ አልፎ ያፈሳል። በበጋ ሲተክሉት ፀሐዩ በቀዳዳው እየገባ ለቀስተኛው ላይ ሳንቲም የበተነ ይመስላል። በክረምት ግን የሚበትነው ሳንቲም አይደለም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እማማ የሺሃረግ ናቸው። እማማ የሺሃረግ ፊደል አልቆጠሩም፤ አልቆጠርኩም ብለውም አያፍሩም። «የቆጠሩትን አይቻቸዋለሁ» ይላሉ። ባላቸውን የቀበሩት በነሐሴ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ፊቱ ሁሉ ውሃ ስለነበር ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደዘነበበት ሳይታወቅ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እማማ የሺሃረግ በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነው፦ እሳቸው ሲሞቱ ሰው ደረቅ ቦታ ተቀምጦ እንዲያለቅስላቸው። ለዚህ ብለው ወር በወር ሳያስታጉሉ ከፍለዋል። ለአዲስ ድንኳን የሚሆን ገንዘብ ሞልቷል ሲባል የሰሙ ዕለትማ ደስ ብሏቸው፣ አሁንስ በሰላም እሞታለሁ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ማስታወቅ ጀምረው ነበር።

ሊቀመንበሩ አቶ ተከስተ ግን ተነሡ። አቶ ተከስተ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ ሲሰናበቱ ወንበሩን ትተው ንግግሩን ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድንኳን ጥሩ ነገር መሆኑን፣ ድንኳንን የሚጠላ እንደሌለ፣ ነገር ግን ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን አብራሩ። ዓለም የምትሄደው ወደ ታብሌት ነው። የማዶው እድር ታብሌት ገዝቷል።

የማዶው እድር ሲባል አግዳሚው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የማዶው እድር ማለት ባለፈው ዓመት የሸክላ ሳህን ገዝቶ የጥላ ለወገንን የቆርቆሮ ሳህን መሳቂያ ያደረገ እድር ነው። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ታብሌት ምን ያደርጋል የሚለው መሆኑ ቀረ፤ እስካሁን ያለ ታብሌት እንዴት ስንሞት ኖርን የሚለው ሆነ።

ስታዲየም አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ኢዘዲን፣ እሱም የእድሩ አባል ነውና፣ ሊቀመንበሩ ባዘዙት መሠረት ገና ለገበያ የወጣውን አንዱን ይዞ መጥቶ ነበር። ከሳጥኑ ሲያወጣው ለጸሎት ካልሆነ ብድግ የማይለው ጉባኤ ብድግ አለ። ታብሌቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እማማ የሺሃረግ ዘንድ ደረሰ። ገለበጡት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፣ ለንፍሮ ማቅረቢያ ጠበብ ይላል ብለው ለጎረቤታቸው አሳለፉት።

አቶ ተከስተ ጥቅሙን ዘረዘሩ። የሟችን ፎቶ ያስቀምጣል፤ መርዶ ያደርሳል፤ ከሁሉም በላይ የአየር ጠባይ አስቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ የድንኳኑ ጥያቄ በታብሌቱ ውስጥ ተመልሷል።

«ይዘንባል ብሎ ቢናገር ምን እናደርጋለን?» አሉ እማማ የሺሃረግ።

«እንጠነቀቃለን፣ እማማ።»

«በምን?»

«አስቀድሞ በማወቅ።»

«ሟቹስ? እስኪያባራ ይቆይ?»

አቶ ተከስተ ዝርዝር አፈጻጸሙ በመመሪያ እንደሚወሰን ገለጹ። ጉባኤው አጨበጨበ። መመሪያ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያጨበጭብ ጉባኤ አዲስ አበባ ውስጥ ገና አልተወለደም።

እማማ የሺሃረግ በጉባኤው ተስፋ ቆርጠው ወደ ነጋዴው ዞሩ። ኢዘዲን እናቱን ይወዳል፤ እናቱም የዚሁ እድር አባል ናት።

«አንተ፣ እናትህን ያቆይልህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለእድር ይሆናል ይኼ?»

«እማማ፣ እኔ ታብሌት ሻጭ ነኝ። ግዙ ከተባለ እሸጣለሁ። ድንኳን ሻጭ ብሆን ኖሮ ግን ዛሬ ሸጬላችሁ ነበር የምሄደው።»

ጉባኤው ይህን ለታብሌቱ እንደተሰጠ ምስክርነት ወሰደው። እጅ ሲወጣ ያላወጡት እማማ የሺሃረግ ብቻ ነበሩ፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ተቀመጡ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ዋቅቶላ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ተቃውሞው የቀረበው በተረት ስለሆነ ሊቆጠር እንደማይችል አስታወቁ። የድንኳኑ ገንዘብ በሙሉ ድምፅ ታብሌት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ መጠቀስ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባል የእድሩን ትልቁን ብረት ድስት ለልጁ ምርቃት ወስዶ ክዳኑን ሳይመልስ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ አቶ ተከስተ በገዛ እጃቸው እንዲህ የሚል አንቀጽ አረቀቁ፦ የእድሩ ንብረት ሞት ካልሆነ በቀር በማናቸውም ምክንያት ከእቃ ቤት አይወጣም። ግሩም አንቀጽ ነው። የእቃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደጉም ይህን አንቀጽ ከአባታችን ሆይ እኩል ያውቁታል። ታብሌቱን በክብር ተረከቡ፣ በብረት ድስቱና በአግዳሚዎቹ መካከል አስቀመጡ፣ ቆለፉ።

በሳምንቱ አቶ ተከስተ እቃ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«አቶ ደጉ፣ ታብሌቱን ያውጡልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልለማመድበት ነው።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ደጉ። «እንግዲያው አይወጣም።»

አቶ ተከስተ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ የሊቀመንበርነታቸውን ክብር አስታወሱ። አቶ ደጉ አንቀጹን ቃል በቃል አነበነቡላቸው። ሰው ሌላው ከጻፈው ሕግ ሊያመልጥ ይችላል፤ ራሱ አሳምሮ ከጻፈው ግን የት ይገባል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሚቴው ለአባላቱ ጤና ያለው አሳቢነት ለምሳሌ የሚጠቀስ ሆነ። ድሮ ሰው ሞቶ እንኳ ዘግይቶ ይደርስ የነበረ ኮሚቴ አሁን ሰው ሲያስነጥስ ይደርሳል። ስኳር ያለበትን፣ ደም ብዛት ያለበትን በየቤቱ እየዞረ ይጠይቃል። ደህና ነኝ ያለውንም አይቀየምም፤ ትንሽ ፊቱ ጥቁር ይላል እንጂ።

በሐምሌ እማማ የሺሃረግን ብርድ መታቸው። ኮሚቴው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሲገባ አልጋቸው ላይ ነበሩ። አቶ ተከስተ ግርጌ ተቀምጠው ባሰብዎት ወይ ብለው ጠየቁ። ተሻለኝ አሉ እማማ። አቶ ዋቅቶላ አይዞን አሉ፤ ማንን እንዳጽናኑ ግልጽ አልነበረም። ቀጥለውም ታብሌቱ ከመውጣቱ በፊት ቻርጅ ስለሚፈልግ፣ መቼም የሚያውቀው ፈጣሪ ቢሆንም፣ እማማ በግምት እንኳ መቼ አካባቢ እንደሚያስቡ በትሕትና ጠየቁ።

«ተከስተ፣ ልጄ» አሉ እማማ የሺሃረግ፣ ዋቅቶላን ሳያዩ። «እኔ በክረምት አልሞትም። ድንኳን የገዛችሁ ዕለት ላኩብኝ።»

ብርቱካኑን አስቀምጠው ወጡ። እማማ የሺሃረግ ግን ብቻቸውን ሲቀሩ እንደ አፋቸው አልሆኑም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰሙ ደረታቸውን ይዘው ሳላቸውን ዋጡ። መሞትን ፈርተው አያውቁም። የፈሩት ነሐሴን ነው። ቀብሩ አልቆ ሰው ገና ሳይቀመጥ ልብሱን እየጨመቀ «አፈሩ ይቅለላቸው፣ ቸር ዋሉ» ብሎ ሲበተን ታያቸው። ስለዚህ የማይወዱትን ዝንጅብል ጠጡ፣ የሚንቁትን የክሊኒክ ኪኒን ዋጡ፣ በጉልበታቸው ዳኑ። በዚያ ክረምት ካዛንቺስ ውስጥ በድንኳን ምክንያት በሕይወት የቆዩ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሞት ግን መመሪያ አይጠብቅም። በነሐሴ አጋማሽ የአቶ ተከስተ ታላቅ ወንድም አረፉ።

ኀዘኑ እውነተኛ ነበር፤ አቶ ተከስተ ወንድማቸውን ይወዱ ነበር። ቢሆንም ከኀዘኑ ጎን ለጎን ታብሌቱ መውጣቱ አልቀረም። አቶ ደጉ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ፣ ስሙን ሰሙ፣ ነፍስ ይማር ብለው ቁልፉን አዞሩ። ታብሌቱ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሥጋ ቤት ቻርጅ ተደረገ፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ካህናት በሚቀመጡበት በኩል ተሰየመ። ከቀብር የተመለሰው ሰው ሁሉ ለቤተ ዘመዱ እጅ ነስቶ ሲያበቃ ወደ ጠረጴዛው ዞሮም ጎንበስ አለ።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ዘውዲ ፍራሽ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። እማማ የሺሃረግ አጠገባቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ከድንኳኑ ጣሪያ አልተነቀለም። አቶ ዋቅቶላ ታብሌቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና የዛሬው አየር ፀሐያማ መሆኑን ለለቀስተኛው አስታወቁ። ታብሌቱ አልዋሸም፤ ከዱባይ ከመጣ ወዲህ አገር መለወጡን የነገረው ስላልነበረ የሚናገረው የዚያኑ አገር ፀሐይ ነው። የካዛንቺስ ሰማይ ደግሞ የራሱን ሥራ ጀመረ።

ውሃው ጣሪያው ላይ ተጠራቀመ፤ ድንኳኑ እንደ ደረሰች እርጉዝ ሆዱ ወደ ታች ወረደ። እማማ የሺሃረግ «ተነሡ፣ ተነሡ» ማለት ጀምረው ነበር። ውሃው ድንኳኑን ተረተረው።

ያን ጊዜ የታየው ጀግንነት በእድሩ ታሪክ ወደር የለውም። ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች፣ ተከስተ፣ ደጉና ዋቅቶላ፣ እንደ አንድ ሰው ተወረወሩ፤ ወደ ታብሌቱ። አንዱ ጠረጴዛውን ሸፈነ፣ አንዱ መጠቅለያ ፈለገ፣ አንዱ በአቅራቢያው ያገኘውን ጋቢ ሳበ። ጋቢው የወይዘሮ ዘውዲ ነበር። ታብሌቱ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ፣ በሦስት ወንድ ታጅቦ፣ ሥጋ ቤቱ ጥላ ሥር ገባ። አንድ ጠብታ አልነካውም።

እማማ የሺሃረግ ነጠላቸውን ፈትተው በራሳቸውና በወይዘሮ ዘውዲ ራስ ላይ ዘረጉት። ነጠላ ምን ይዞ ምን ይተዋል፤ ብቻ ዘረጉት።

«እማማ» አሉ ወይዘሮ ዘውዲ ከሥሩ። «እሱን አፈር ስናለብሰው አልዘነበም፣ አይደል?»

«አልዘነበም፣ ልጄ።»

አቶ ተከስተ ከመንገዱ ማዶ፣ የተንጠለጠለው ሥጋ አጠገብ፣ ጥቅሉን ታቅፈው ቆመው ወደ ሁለቱ ሴቶች ያዩ ነበር።

በጳጉሜ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው ለኮሚቴው ምስጋና ማቅረብ ነበር። አቶ ዋቅቶላ አደጋውን አስታውሰው ንብረታችን ተርፏል ሲሉ ጭብጨባው ረዘመ። ለታብሌቱ ውሃ የማያስገባ ሽፋን እንዲገዛለት ተወሰነ። አዲስ አንቀጽም ጸደቀ፦ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ የእድሩ ንብረት ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ ወደ ደረቅ ቦታ ይዛወራል። ጥቁር የለበሱት አቶ ተከስተ፣ ንግግር የማይሰለቻቸው ሰው፣ የዚያን ቀን ንግግሩን ለአቶ ዋቅቶላ ተዉት።

እማማ የሺሃረግ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ከአባልነት ሰርዙኝና ከንብረት ጻፉኝ።»

አቶ ዋቅቶላ ምክንያቱ እንዲብራራ ጠየቁ።

«አባል ስትሆኑ ዝናብ ይመታችኋል። ንብረት ግን የሰው ጋቢ ለብሶ፣ ሦስት ወንድ ታቅፎት ይሮጣል። እኔም ስሞት እንደዚያ ልያዝ።»

የሳቀ አልነበረም። አቶ ዋቅቶላ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው አባል ንብረት እንዳይሆን የሚከለክል አንቀጽ አለመኖሩን አረጋገጡ። ወይዘሮ ዘውዲ ከኋላ እኔንም ጻፉኝ አሉ። የኢዘዲን እናት እጅ አወጣች፤ ኢዘዲንም ከእናቱ ላለመለየት አወጣ። ከዚያ አግዳሚ በአግዳሚ እጅ ተነሣ። አቶ ደጉ ይህን ሁሉ ሰው የት እንደሚያስቀምጡት እየጠየቁ የራሳቸውንም አወጡ።

በመጨረሻ አቶ ተከስተ ቆሙ። ነገሩን ሊያስቆሙት የተነሡ መሰለ። አንገታቸውን ደፉ።

«እኔንም» አሉ ቀስ ብለው።

ስለ ድንኳን የቀረበ ሐሳብ አልነበረም። ጉባኤው በጭብጨባ ሲዘጋ ጥላ ለወገን መረዳጃ እድር አንድም አባል አልቀረውም፤ በንብረት ብዛት ግን ከከተማው እድሮች ሁሉ የሚስተካከለው ጠፋ።