የወይዘሮ ቦዠና ድንች

ሐውልት እግሩ ደንዝዞበት ሲያነክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ እዚህ ፕራግ፣ በሥዕል ትምህርት ቤታችን የኤግዚቢሽን አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ በሕልሜ።

የተኛሁት ፍርድ እየጠበቅሁ ነው። የመመረቂያ ሥዕሌ አከራዬን ወይዘሮ ቦዠናን ድንች ሲልጡ ያሳያል። አስተማሪዬ ፕሮፌሰር ሃቭራኔክ፣ "ጥሩ ነው፤ ግን አፍሪካህ የት አለ? ፀሐይ ጨምርበት፤ ከበሮ ጨምርበት" አሉኝ። እምቢ አልኩ። የኤግዚቢሽኑ ዳኞች መርጠው ካልሰቀሉት ደግሞ አልመረቅም።

በሕልሜ ወንዙ ከራሳችን በላይ ይፈስ ነበር። ሰዉ ዓሣ እንዳይወርድበት ጃንጥላ ዘርግቷል። በከተማዋ አሮጌ ድልድይ ላይ የቆሙት ሐውልቶች እያነከሱ ከመቆሚያቸው ወርደው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሥላሉ፤ ቱሪስቶቹ በተራቸው መቆሚያው ላይ ወጥተው ደርቀዋል። እርግቦቹ እየመረጡ ይኮሱባቸዋል።

"አትነቃነቂ!" ብሎ አንድ ጢማም ሐውልት አንዲት ባለካሜራ ላይ ጮኸባት። "ለአንቺ ፎቶ ስንት ዘመን ቆምኩ! አንቺ ትንሽ መታገሥ ያቅትሻል?"

ድልድዩን ስጨርስ ደሴ ደረስኩ። በሰፈራችን የእድር ድንኳን ውስጥ ፕሮፌሰር ሃቭራኔክ ሥዕላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ዳኞቹ የእድሩ ሴቶች፣ ሰብሳቢዋ ጎረቤታችን እትዬ አጸደ ናቸው። ፕሮፌሰሩ የሣሉት ራሳቸውን እትዬ አጸደን ነው፤ ጎመን ሲቀነጥሱ።

"ቁርጥ እኔን አስመስለህ ሥለኸኛል፤ እጅህ ይባረክ" አሉ እትዬ። "ግን አንተ ልጅ፣ የአገርህ ነገር የት አለ? ቤተ መንግሥቱስ? ቢራውስ?"

"እኔ እኮ ጎመኑን ነው የወደድኩት፣ እሜቴ።"

"ጎመኑማ የእኛ ነው! አንተን ምን አገባህ?"

"በረዶ ይጨምርበት!" ጮኸች አንዷ ከኋላ። "ፈረንጅ ያለ በረዶ ምን ያምርበታል!"

ፕሮፌሰሩ ሥዕላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ፦

"አንተ ፍረድ ልጄ። ይሰቀልለት ወይስ ይቅር?"

ደስታ ጨርቄን ሊያስጥለኝ ደረሰ። "ይሰቀል!" አልኩ። "ግን ተገልብጦ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ቀስ በቀስ የመዶሻ ድምፅ ሆነብኝ፤ ነቃሁ።

ሁለት ሠራተኞች ሥዕሌን ፊት ለፊቴ ሰቅለው መሰላላቸውን ያጥፋሉ። ተሰቅሏል! ዘልዬ ተነሣሁ። ወይዘሮ ቦዠና በጭንቅላታቸው ቆመዋል። ከሥሩ "የአፍሪካ ጭፈራ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

"እንኳን ደስ ያለህ!" አሉኝ ፕሮፌሰር ሃቭራኔክ እጄን እየጨበጡ። "እኔ ነኝ ያዞርኩት። አየህ፣ አሁን አንተን መሰለ! ዳኞቹ ባንድ ድምፅ አሳለፉህ።"

"ተገልብጧል እኮ!"

"እንዳትነካው። ከነካኸው አትመረቅም።"

ምረቃው በአፍንጫዬ ይውጣ! ፕሮፌሰሩ ሊያባብሉኝ ቢሯቸው ጠርተው ሻይ እንዳይጋብዙኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ እንዳያደርጉኝ። ነገ በመክፈቻው ላይ፣ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወይዘሮ ቦዠናም ባሉበት፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ይመልሱልኝ፦ የድንች ልጣጭ ወደ ላይ የሚወድቀው በየትኛው አፍሪካ ነው?