ባለ ሁለት እግር በሽታ

ሾፌሩ የእንስሳት ሐኪሟን መኪና አሥራ አንድ ዓመት ነድቷል፤ በዚህም ግማሽ ሐኪም ሆኛለሁ ባይ ነው። የክሊኒኩ ዘበኛ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። መባሉን ሰምቷል፤ አልተቀየመም። ዛሬ ግን ሆድ ብሶታል፤ አውራ ዶሮው ካርቶን ውስጥ ተከቷል፣ ሾፌሩም በላዩ ቆሞ ይፈርዳል።

ሾፌሩ፦ ፈንጣጣ ነው አልኩህ! ፊቱን አታየውም? ዛሬውኑ ከግቢ ይወጣል።

ዘበኛው፦ የት ይሂድ፣ ጋሼ? ሟች ባለቤቴ ከጫጩትነቱ ያሳደገችው ነው። እሱን ሳይ እሷን ያየሁ ይመስለኛል።

ሾፌሩ፦ ነፍሷን ይማር። ግን ሰው ይይዛል። እስቲ እግሩን ቁጠር።

ዘበኛው፦ [ወደ ካርቶኑ አጎንብሶ] ሁለት።

ሾፌሩ፦ የአንተስ?

ዘበኛው፦ [እንደገና አጎንብሶ] ሁለት።

ሾፌሩ፦ በቃ! የባለ ሁለት እግር በሽታ ባለ ሁለት እግር ይይዛል፤ የባለ አራት ባለ አራት። ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘበኛው፦ ግመልስ ፈንጣጣ ይይዘዋል?

ሾፌሩ፦ በደንብ! ግን ባለ አራት እግር ነው፤ እኛ ጋ ምን ይሠራል?

ዘበኛው፦ ዝንጀሮስ?

ሾፌሩ፦ [አሰብ አድርጎ] ዝንጀሮ ሲያሻው በሁለት፣ ሲያሻው በአራት ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉም ይይዘዋል። ያሳዝናል።

ዘበኛው፦ የእህቴ ልጅ ገና ይድሃል...

ሾፌሩ፦ ለጊዜው ከዶሮ አያሰጋውም። ቆሞ የሄደ ዕለት ግን አደራ!

ዘበኛው፦ እባብስ?

ሾፌሩ፦ እግር የለውም። በሽታው በየት በኩል ይገባል? [ያበጠ፣ የቀላ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ] ማስረጃ ካስፈለገህ ይኸው! ከትናንት ወዲያ የወጣብኝ። የዶሮህ ሥራ ነው።

ዘበኛው፦ ዶሮዬን ነክተውት ያውቃሉ?

ሾፌሩ፦ እኔ? በሩቁ ነው የምሸሸው!

ዘበኛው፦ እሺ።

ሾፌሩ፦ አሁን ጻፍ፤ በር ላይ ይለጠፋል። «የፈንጣጣ ቁስል የወጣበት ሁሉ ካርቶን ገብቶ ከግቢ ይውጣ።»

ዘበኛው፦ [ቀስ እያለ እየጻፈ] ማንም ቢሆን?

ሾፌሩ፦ ማንም ቢሆን። አድልዎ አልወድም። [ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ]

ዘበኛው፦ ያ እናቱ የሞተችበት ግልገልስ? አፉ ዙሪያውን ቆስሏል።

ሾፌሩ፦ እሱን ተወው፤ ባለ አራት እግር ነው። ጡጦ የማጠባው እኔ አይደለሁም እንዴ? ጡጦው ሲያልቅ ጣቴን ይጠባል፣ የኔ ጌታ።

ዘበኛው፦ [ከኪሱ ጓንት አውጥቶ] ሐኪሟ ይህን ለእርስዎ ስጥልኝ ብላ ነበር።

ሾፌሩ፦ ለዶሮው?

ዘበኛው፦ ለግልገሉ። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠየቅኳት። የዶሮ ፈንጣጣ ዶሮና ወፍ እንጂ ሰው አይይዝም አለች፤ ቅርፊቱ ረግፎ ይድናል። የግልገሉ የአፍ ቁስልም ከፈንጣጣ ወገን ነው፤ እሱ ግን ሰውም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ጣት ላይ ይወጣል አለች።

ሾፌሩ፦ [ጣቱን አየት አድርጎ ወደ ኪሱ ከተተ] ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም ትላለህ?

ዘበኛው፦ እያስረዱኝ ነበር፤ ማቋረጥ ነውር ሆነብኝ።

ሾፌሩ፦ ግን... ግልገሉ እኮ አራት እግር አለው!

ዘበኛው፦ እርስዎስ ሲያጠቡት? በሁለት ጉልበትዎ ተንበርክከው፣ በሁለት ክርንዎ ተደግፈው ነው። ቆጥሬያለሁ።

[ዘበኛው አውራ ዶሮውን ከካርቶኑ አውጥቶ አቀፈው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ ባዶውን ካርቶን በእግሩ ወደ ሾፌሩ ገፋ አደረገ።]

ዘበኛው፦ አይደንግጡ፣ ጣትዎ በጥቂት ሳምንት በራሱ ይድናል ብላለች። ካርቶኑ ትንሽ ይጠብብዎታል፤ ግን «ማንም ቢሆን» ብለው ፈርመዋል።